ሞተር ደከማት

ካልሲው ተረከዟ ላይ ተጣብቆ አልላቀቅ አላት። የመታጠቢያ ቤቱ ደፍ ላይ ቁጭ ብላ በለብታ ውሃ እያራሰች ቀስ በቀስ አላቀቀችው። ውሃ ቋጥሮ የነበረው ቆዳ ፈንድቶ ሥሩ ቀልቷል። የሚያያት ስላልነበረ እንደ ልቧ ፊቷን አጨማደደች።

ትናንት ቅዳሜ የልምምድ ጉዞ ነበር። የትምህርት ቤቱ የእግር ጉዞ ክበብ በዘንድሮው ረጅም ዕረፍት የተራራውን ሰንሰለት ከጫፍ እስከ ጫፍ በሠላሳ ሁለት ቀን ሊያቋርጥ ነው፤ ድንኳኑም ስንቁም በየራስ ጀርባ። ክበቡ ውስጥ «ሞተር» ነው የሚሏት። በመጨረሻው ዳገት የጓደኛዋን የቀጮን ቦርሳ ሳይቀር ደርባ ስትወጣ ልጆቹ አጨብጭበውላት ነበር።

ያላጨበጨበው አሠልጣኙ ብቻ ነው። ወደ ጎን ጠራትና፣

«አራት ጊዜ ደክሞሽ እንደሆነ ጠየቅኩሽ። ምን አልሽኝ?» አላት።

«ምንም አልሆንኩም ነው ያልኩት።»

«ታዲያ ለምንድን ነው የምታነክሺው?»

የሚያማትን እግር ከሌላው ኋላ ሸሸገች።

«ስሚ፣ ደከመኝ የማይል ሰው ይዤ ተራራ አልወጣም። እኔን የሚያስፈራኝ ዝም ብሎ ሄዶ ሄዶ የሚወድቀው ነው። እስከ ሰኞ አስቢበት። ከልብሽ መሄድ ትፈልጊያለሽ?»

እንዲህ ብሎ የጠየቃት ሰው አልነበረም። እሷም ራሷን ጠይቃ አታውቅም። የጉዞውን መመዝገቢያ ቅጽ የሞላችበትን ቀን አስታወሰች። መንትያ ወንድሞቿ አንዱ ሲያለቅስ፣ ሌላው ሾርባውን ምንጣፉ ላይ ሲደፋ፣ እናቷ የሆቴል አንሶላ ስትተኩስ ውላ ገባችና ሶፋው ላይ ዘፍ ብላ «ደከመኝ» አለች። በዚህ ቤት «ደከመኝ» የእናት ቃል ነው። ስምንት ሰዓት ሙሉ ቆሞ የሚተኩስ ሰው ፊት ማን ደፍሮ ይናገረዋል? ልጅቷ ያን ዕለት ማንም «ነይ እስኪ» የማይላት ቦታ አማራትና ስሟን ጻፈች። ለማረፍ ብላ ነው የተመዘገበችው! አሁን ስታስበው ራሷንም አሳቃት። ያውም እዚያ ደግሞ የቀጮን ቦርሳ ልትሸከም።

ስልኳ ጮኸ። ቀጮ ናት የጻፈችው።

«ሞተርዬ፣ እናትሽ ፈረመችልሽ? የኔዋ አንቺ ካለሽ ብቻ ነው የፈቀደችው። ጉድ እንዳትሠሪኝ፣ አደራ!»

ቀጮ ዓመቱን ሙሉ ስለዚህ ጉዞ ነው ያወራችው። ልጅቷ መልስ ጀመረችና ተወችው።

አሥር ሰዓት ላይ እናቷ ከሥራ ገባች። ጫማዋን በር ላይ ጥላ፣ ሳፋ ውስጥ ለብ ያለ ውሃ ቀድታ፣ ጨው ነስንሳበት እግሯን ነከረች።

«የሚፈረም ነገር አለ ብለሽኝ አልነበር? አምጪው እስኪ።»

ልጅቷ ወረቀቱን ይዛ መጣች። አልሰጠቻትም።

«እማ፣ ደክሞኛል።»

እናት ቀና አለች። «ማን? አንቺ?»

«እኔ። በትናንቱ ጉዞ አይደለም። ከደከመኝ ቆየ።»

ትቆጣኛለች ብላ ጠበቀች። እናቷ ግን የቆሰለውን ተረከዝ አየች፣ ፊቷን አየች፣ እንደገና ተረከዙን አየች። ከዚያ አንድ እግሯን ጠጋ አድርጋ ቦታ ለቀቀችላት።

«ነይ፣ እግርሽን አምጪው።»

ጨዉ ቁስሉን ሲነካው ዓይኗ እንባ አቀረረ። ጥሩ ሰበብ ሆነላትና አለቀሰች።

«ጉዞውስ?»

«ለማረፍ ነበር የተመዘገብኩት።»

«በእግር? ሠላሳ ሁለት ቀን?» እናቷ ሳቅ አመለጣት። «ወይ የኔ ልጅ!» ሳቁ ቀስ እያለ ጠፋ። «እኔ እኮ... ጎበዝ ስለሆንሽ ነው እያልኩ...» አለችና ሳትጨርሰው ቀረች።

ልጅቷ ወረቀቱን ለሁለት አጥፋ አጠገቧ አስቀመጠችና ስልኳን አነሳች።

«ቀጮ፣ ዘንድሮ አልሄድም። ደክሞኛል። ይቅርታ።»

«ትቀልጃለሽ?» የሚል መጣ። ቆይቶ ደግሞ «በጣም ነው የተናደድኩብሽ።»

ልጅቷ «እናትሽን እኔ እለምንልሻለሁ» ብላ ጻፈች። ሳትልከው ትንሽ አየችውና አጠፋችው።

ከጓዳ አንደኛው መንትያ ተጣራ። «እታለም! ውሃ!»

ከልማዷ ብድግ ብላ ነበር። መልሳ ተቀመጠች።

«ጠረጴዛው ላይ አለላችሁ፤ ራሳችሁ ቅዱ!»

ከጓዳ ወንበር ሲጎተት ተሰማ። የሳፋው ውሃ ቀዝቅዞ ነበር፤ እሷ ግን እግሯን አላወጣችም።