እስኪያቅት ድረስ

ፍቅር ሰውን ብልህ ያደርጋል የሚል ካለ፣ ይህችን ልብስ ሰፊ አላያትም።

ልጅቱ ቀኑን ሙሉ በስፌት መኪና ላይ ጎብጣ ስትውል ኖራ፣ አንድ ቀን ትከሻዋ አልታዘዝ አላት። ፀጉሯን ለማበጠር እንኳ ክንዷ አልነሣ ሲላት፣ ሐኪሙ «ጡንቻሽ ሟሽሿል፤ መድኃኒቱ ብረት መግፋት ነው» ብሎ ወደ አንድ አሠልጣኝ ላካት። ሰውየውን ሠፈሩ «ቆጣቢው» ይለዋል። ሌላው ጂም ሰውን ግማሽ ቀን ሲያስዘልል፣ እሱ በሳምንት አንዴ፣ ያውም ትኩስ ሻይ እስኪበርድ ለምታህል ጊዜ ብቻ አሠርቶ ያባርራላ!

ክፍሉ ከጥርስ ሐኪም ቤት ሥር፣ ምድር ቤት ነው። መስተዋት የለው፣ ሙዚቃ የለው። ቀለማቸው የተላጠ ብረቶች፣ አንድ አግዳሚ ወንበር፣ አለቀ።

«ቀስ ብለው ይግፉ» አላት የመጀመሪያ ቀን። «አይወርውሩት። ሲያቃጥልዎም አይተዉት። ክንድዎ እምቢ ብሎ፣ ብረቱ ካለበት አልነቃነቅ እስኪል ድረስ ነው። ከዚያ ይበቃል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ቤትዎ ገብተው ያርፉ። እዚህ የሚያገኙት ድካም ነው፤ ጉልበቱ የሚመጣው ሲያርፉ ነው። ሳያርፉ ከመጡ አልቀበልዎትም።»

ስትገፋ ፊት ለፊቷ ቁጢጥ ብሎ ፊቷን ያያል። ሥራው ነው፤ እንዳትጎዳ ነው። እሷን ግን በሕይወቷ እንዲህ አድርጎ ያያት ሰው አልነበረም። «ይተንፍሱ» ይላታል በለሆሳስ። «አሁንም ትንሽ አለ። አለዎት።» ያ ድምፅ ሳምንቱን ሙሉ በስፌት መኪናው ጩኸት መሐል ይከተላታል። የአንዱን ደንበኛ ኮት ግራ እጅጌ በቀኝ ተከለችው። ሰውየው ለብሶት ሲያየው ምን እንዳለ አልጽፈውም።

ትከሻዋ እየበረታ ሄደ። ታዲያ አንድ ቀን አሠልጣኙ ትልቁን ብረት እያሳያት፣ «ይህን በደንብ ከገፉ ድነዋል። ከእኔ ጋር ያለዎት ጉዳይም ያልቃል» አላት። እሱ የምሥራች ብሎ ነው። እሷ እንደ መርዶ ሰማችው።

በሚቀጥለው ሳምንት ገና ጉልበቷ ሳይነካ ብረቱን ለቀቀችው።

«አቃተኝ» አለች። ክንዷንም አውቃ አንዘፈዘፈችው። ቅጥ ያጣ መንዘፍዘፍ!

ቆጣቢው ደነገጠ። «ወደ ኋላ ሄዱ እኮ! ዕረፍቱ አልበቃዎትም ማለት ነው። የሚመጣው ሳምንት ይቅር፤ ከዚያ ወዲያ ይምጡ።»

አይ ብልጠት! ደካማ መስላ ልትቆይ ብላ፣ ድካሟ ከደጁ አባረራት።

አሁን ምን ታድርግ? ብትበረታ ድነዋል ሊላት ነው፤ ብትደክም ይረፉ ሊላት ነው። ስትመለስ ጨንቋት እንደገና ዋሸች። ፊቱ ገረጣ።

«ወሩን ሙሉ ይረፉ» አለ ወለሉን እያየ። «ጥፋቱ የእኔ ይሆናል። አብዝቼብዎት ይሆናል።»

ያ ወር አልገፋ አለ። ከሥራ ስትመለስ መንገዷን አዙራ በጥርስ ሐኪሙ ቤት በኩል ታልፋለች። የምድር ቤቱ መስኮት ከእግረኛው መንገድ ጋር እኩል ነው። ጎንበስ ብላ የጫማዋን ማሰሪያ እየፈታች እየቋጠረች ታዳምጣለች። ብረት ሲያርፍ ይሰማታል። ከዚያ ያ ድምፅ፣ «አሁንም ትንሽ አለ። አለዎት» ይላል። ለማን ነው ብላ ብታጮልቅ፣ አንድ ራሰ በራ ጡረተኛ! በጡረተኛ ቀናች። መቼም ልብ አያፍርም።

እናትዋ አንድ ጠዋት ቤት ሲጠርጉ፣ «ይህን የቤቱን የስፌት መኪና ጎረቤት ጠርተሽ ፈቀቅ አድርጉልኝ» አሏት። ልጅት አሳብ ይዟት የስፌት መኪናውን ከነጠረጴዛው ብድግ አድርጋ ማዶ አኖረችው። እናትዬው መጥረጊያቸውን ይዘው ቀሩ።

«ብረት አቃተኝ ያልሽው በየትኛው ክንድሽ ነው?»

ልጅት የጠረጴዛውን አቧራ በእጇ ትጠርግ ጀመር።

«እዚያ ምድር ቤት ሰው ለመድከም ይከፍላል ስትዪኝ ሳቅሁ። ደግሞ ለመዋሸትም ትከፍያለሽ?»

«እማዬ፣ ዳንሁ ካልሁት ምን ብዬ እሄዳለሁ?»

«በእግርሽ ነዋ የምትሄጂው! ሰው ለመውደድ የሐኪም ወረቀት ይጠየቃል? ደንቆሮ። ተነሽ፣ ከፊቴ ጥፊ።»

ወሩ ሳይሞላ ሄደች። አሠልጣኙ ብቻውን ወንበሩን ሲወለውል አገኘችው። ሲያያት ጨርቁ ከእጁ ወደቀ።

«ገና አላረፉም» አለ።

«እስኪመረኝ አርፌአለሁ።»

ተቀምጣ ትልቁን ብረት ያዘች። እሱም ቁጢጥ አለ። ብረቱ ቀስ ብሎ ተነሣ፤ ቀስ ብሎ ወረደ። አቃተኝ ስትል ከነበረበት አልፎ ሄደ። እሱ «ይተንፍሱ» ማለቱንም ረሳ። ላብ ዓይኗ ውስጥ ገባ፤ አልተወችም። በመጨረሻ ብረቱ መሐል መንገድ ላይ ቀጥ አለ። ገፋች፣ ገፋች፤ ወይ ፍንክች። ያን ጊዜ ብረቱን ከእጇ ተቀብሎ አወረደው።

«ይህ ጉልበት የዛሬ አይደለም» አለ።

«አይደለም።»

«ዋሽተውኛል።»

«ዋሽቻለሁ። ከዳኑ አይምጡ ሊሉኝ ነዋ!»

ወለሉ ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ። አሁን ያስወጣኛል ብላ ጠበቀች።

«እኔኮ የጎዳሁሽ መስሎኝ ነበር» አለ። «ሰው ልኬ ላስጠራሽ እነሣና፣ ‹ተዋት፣ ታርፍ፣ ታገግም› እያልሁ ራሴን ይዤ ከረምሁ። በአንቺ ሰዓት ሌላ ሰው አላስገባም። ባዶውን ወንበር አያለሁ።»

«አንተም?»

«እኔም።»

«ምን ዓይነት ጅል ነህ?»

«አንቺ ደግሞ አስተማሪዬ!» ብሎ ሣቀ፤ እጁንም ዘረጋላት።

ልትይዘው ፈለገች። ክንዶቿ ግን የእውነት አልቀው ከጭኗ ላይ አልነሣ አሉ። ሣቅና እንባ አንድ ላይ መጣባት፤ እንባዋን እንኳ መጥረግ አልቻለችም።

«አንተ ና» አለችው።

መጣ።