ሁለት ወረቀት፣ አንድ ቁጥር

«ይቅርታ፣ አንዱን ወረቀት ሁለቴ ኮፒ አደረግኩት መሰለኝ» አለ የፎቶ ኮፒ ቤቱ ጌዲዮን፣ ከማሽኑ የወጡትን ወረቀቶች ጎን ለጎን ይዞ። «ይኸው፣ የላብራቶሪ ቁጥሩ አንድ ነው።»

ዙለይኻ ጭምብሏን ወደ አፍንጫዋ ስባ ጠጋ አለች። በአንዱ ላይ 4417፣ በሌላውም 4417። ስሞቹ ግን የተለያዩ ናቸው። አንደኛው የአክስቷ የሞሚና፣ ሁለተኛው የአክስቷ ልጅ የሑዘይፋ ነው።

«ሁለት ሰው በአንድ አፍንጫ ተመረመረ?» ብሎ ሳቀ ጌዲዮን።

ዙለይኻ አልሳቀችም። አክስቷና ሑዘይፋ የጅቡቲ ዜጎች ናቸው። ከኮሮና ነጻ መሆኑን የሚያሳይ፣ ከአምስት ቀን ያልበለጠ የምርመራ ወረቀት ያልያዘ የውጭ ዜጋ ድንበሩን አያልፍም። እነሱ አልፈው ዛሬ ቀትር ላይ ጭሮ ደርሰዋል። የቀበሌዋ ጤና ሠራተኛ ሲስተር እሴት የወረቀታቸውን ኮፒ ነገ ጠዋት አምጡልኝ ስላለች ነው ዙለይኻ እዚህ የመጣችው።

ሒሳቡን ከፍላ ስትወጣ ምሳ ላይ የሆነው ሁሉ መጣባት። ከሑዘይፋ ጋር ከአንድ ትሪ ሩዝ በልተዋል። ከአንድ ጠርሙስ ውኃ ተቀባብለዋል። «ቅመም ረሳሽ እንዴ? ምንም አይጣፍጥም» ሲላት ተቀይማው ነበር። ባለፈው ሰኔ ጎረቤታቸው ጋሽ ሀይሌም ኮሮናው የጀመራቸው ምግብ አልጣፍጥ ብሏቸው ነበር። የቀበሯቸው አምስት ሰዎች ናቸው፤ ሌላው ከሩቅ ቆሞ አለቀሰ።

ቤት ስትደርስ ሑዘይፋ ግቢውን ይጠርጋል። አያታቸው አኮ ከመሰላ እየመጡ ስለሆነ ነው። የዙለይኻ እናት ገና እንግዶቹ ሳይደርሱ በጠዋት ወጥታ እሳቸውን ልታመጣ ሄዳለች። አኮ አስም አለባቸው። ልጃቸውን ሞሚናን ካዩ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል።

«ወረቀትህ ፎርጅድ ነው» አለችው ዙለይኻ።

«ባክሽ ሙድ አትያዢብኝ።»

«ቁጥሩ ከእናትህ ጋር አንድ ነው። ያንተ ውጤት የታለ?»

መጥረጊያውን አቆመ። እናቱ ወዳለችበት ክፍል መስኮት ተገላምጦ «ቀስ በይ፣ ኡሚ ትሰማለች» አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ቀደድኩት» አላት።

«አለብህ ማለት ነው?»

«ትንሽ። አላተኮሰኝም እኮ፣ ወላሂ! አሳለኝ? አላሳለኝም።»

«መቼ ነው የተመረመርከው?»

«ከአራት ቀን በፊት።»

«አራት ቀን!»

«ብነግራት ትቀር ነበር፣ ገባሽ? እኔን ትታ አትመጣም። እናቷን ሳታያት እንዳትሞትባት ስትፈራ፣ ስታለቅስ የምሰማት እኔ ነኝ፣ አንቺ አይደለሽም። ጓደኛዬ የእሷን ወረቀት በኮምፒውተር ስሙን በእኔ ስም ቀይሮ ሠራልኝ። እሷ ምንም አታውቅም።» ዓይኖቹ እንባ አቅርረዋል። «ጭምብል አደርጋለሁ። አኮን አልጠጋቸውም።»

«አትጠጋቸውም? አኮን አታውቃቸውም ማለት ነው። ፊትህን በሁለት እጃቸው ይዘው እንትፍ እንትፍ ብለው ካልመረቁህ የመጣህ አይመስላቸውም።»

ሑዘይፋ እጇን ያዛት። ወዲያው ደግሞ የነካውን ያወቀ ይመስል ለቀቃት። «ከተናገርሽ ፖሊስ ይመጣል። እናቴን ነው የሚይዟት። ሁለተኛ እዚህ አገር አያስገቡንም።»

ስልኳ ጮኸ። እናቷ ናት።

«ዙሌ፣ ጭሮ ገብተናል፣ ባጃጅ ይዘናል። ደህና ደረሱ? እኔማ መንገዱን ሙሉ መኪናቸው ተገልብጦ ሲታየኝ ነው የዋልኩት። ንገሪኝ እንጂ፣ ደህና ናቸው?»

ሑዘይፋ ዓይን ዓይኗን ያያታል።

«ደህና ናቸው» አለች ዙለይኻ።

ስልኩ ተዘጋ። መልሳ ለመደወል ቁጥሩን አወጣች፤ ግን አልደወለችም። ደውላ ምን ትላለች? በዓይነ ኅሊናዋ አክስቷን በፖሊስ መኪና ላይ አየቻት። ከዚያ አኮን አየቻቸው፣ ሲያስላቸው እንደሚያደርጉት ግድግዳ ተደግፈው፣ አየሩን በአፋቸው እየለመኑ። ኮፒዎቹን ጨብጣ ወደ ቤት ሮጠች።

ሞሚና ከሻንጣዋ ያወጣችውን አዲሱን ስስ የጅቡቲ ቀሚሷን ለብሳ መስኮቱ አጠገብ ቆማለች። «መጡ እንዴ?»

«አክስቴ፣ አትውጪ።» ወረቀቶቹን ዘረጋችላት።

ሞሚና አነበበች። ደግማ አነበበች። በሩ ላይ የቆመውን ልጇን ስታየው አንገቱን ደፋ። ልትመታው እጇን አነሳች፤ እጇ ግን መሃል ላይ ቀረ። «ከእኔ ጋር በአንድ መኪና… አንተ ልጅ፣ ምን አደረግከኝ?»

የባጃጅ ድምፅ መጣ። የውጭው በር ተንቋቋ።

«ሞሚና! ኮቱ፣ ነይ ልጄ! የት ነው ያለሽው?»

ሞሚና ሳታውቀው ወደ በሩ ተራመደች። ዙለይኻ ቀደመቻትና በረንዳው ላይ ወጣች። አኮ ከግቢው መሃል ደርሰዋል። እጃቸውን ዘርግተው «ኮቱ ዙሌ፣ አንቺ መጀመሪያ ሳሚኝ» አሏት። ዙለይኻ እንደ ልማዷ አንድ እርምጃ ወረደች። ከዚያ ቆመች።

«እማ፣ ያዣቸው! እዚያው ያዣቸው!»

እናቷ ዘንቢሉን ለቀቀችው። «ምንድን ነው? ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም። ሑዘይፋ ኮሮና አለበት። አክስቴም አብራው መጥታለች፣ እኔም አብሬው በልቻለሁ።» ድምጿ አጥሩን ተሻግሮ ጎረቤት እንደሚሰማ አውቃለች። «አኮን ወደ ኋላው ክፍል ውሰጃቸው። ለሲስተር እሴት እኔ አሁን እደውልላታለሁ።»

«እኔ ከመሰላ ድረስ መጥቼ ልጄን ሳላያት?» አሉ አኮ። የተዘረጋው እጃቸው ገና አልወረደም ነበር። የዙለይኻ እናት ከኋላ አቅፋ ያዘቻቸው። ዓይኗን ግን ከልጇ ላይ አላነሳችም።

ዙለይኻ ወደ ኋላዋ እየተራመደች ገባች፣ በሩንም ገፋችው። ክፍሉ ጨለም ብሏል። ከውጭ የመግሪብ አዛን ይሰማል። ሑዘይፋ ጥግ ላይ ኩርምት ብሏል።

«ሞሚና?» አሉ አኮ ከግቢው።

«አቤት፣ እማዬ!» አለች ሞሚና። እጇ ወደ በሩ እጀታ ሄደ።

ዙለይኻ በእጇና በእጀታው መሃል ገባች። ጀርባዋን ለአክስቷ ሰጥታ፣ ቁልፉን ሁለቴ አዞረችው።