ከወላጁ ጋ የቀረው ታዛቢ

«ታዛቢው ሥራ ጀምሯል» የሚል መስመር ስክሪኑ ላይ ብቅ ሲል ሱዙና የያዘችውን ትንፋሽ ለቀቀች። የክበቡ ልጆች በሙሉ ከኋላዋ ቆመዋል። ፕሬዚዳንቱ ጌንታ እጆቹን ደረቱ ላይ አጣምሯል፤ ኮቶኔ የሱዙናን ወንበር መደገፊያ ይዛለች። ሁሉም ቁጥሮቹን ይጠብቃሉ።

የኮምፒውተር ክበቡ ለኅዳሩ የትምህርት ቤት በዓል የወንበር መያዣ ፕሮግራም ሠርቷል። የተጻፈው ሩቢ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ነው፤ የቋንቋው ፈጣሪ በሚኖርባት በጃፓኗ ከተማ በማትሱኤ ልጅ ሆኖ ሩቢን ያልነካካ የለም። ወላጆች ስልካቸውን ከፍተው የሚያዩትን ትርኢት ይመርጣሉ፣ ወንበር ይይዛሉ፣ በቃ። ሰኞ ዕለት ሲሞከር ግን ፕሮግራሙ አርባ ሰከንድ ሙሉ ተገትሮ ቀረ። ምክትል ርዕሰ መምህሩ ሰዓታቸውን አዩና እስከ ዓርብ ካልተስተካከለ እንደ ድሮው በወረቀት እንሠራለን ብለው ወጡ። ያኔ የሁሉም ዓይን ወደ ሱዙና ዞረ። የወንበር መምረጫውን ክፍል የጻፈችው እሷ ናት፤ በዚያ ላይ በሚያዝያ ከፉኩኦካ ከተማ የመጣች አዲስ ልጅ ናት። አዲስ ሰው ባለበት ቤት ብርጭቆ ሲሰበር ማን እንደሚጠረጠር መቼም የታወቀ ነው።

የክበቡ ኃላፊ መምህር ካጌያማ ግን ሰው በግምት አይወቀስም አሉ። ታዛቢ የሚሉት ፕሮግራም አለ፤ ከዋናው ፕሮግራም ጋር አብሮ ይነሳና ከጀርባ ቁጭ ብሎ፣ ማንንም ሳይረብሽ፣ የትኛው ሥራ ስንት ሰከንድ እንደወሰደ ይመዘግባል። እሱን የማስነሳቱን ሥራ ለሱዙና ሰጧት። እንዲህ ያለ ሥራ ለዝምተኛ ሰው ይሆናል ብለው ይሁን፣ ራሷን ነጻ እንድታወጣ ብለው፣ አልነገሯትም።

ልጆቹ በስልካቸው ገጾቹን ከፍተው ዘጉ። ፕሮግራሙ እንደ ልማዱ ተጎተተ። ታዛቢው ግን ምንም አላየሁም አለ። ሁሉም ቁጥር ዜሮ፣ ሁሉም መስመር አረንጓዴ።

«ኮጋ፣ ታዛቢሽም እንዳንቺ አፍ የለውም» አለ ጌንታ በቤተሰብ ስሟ ጠርቶ።

ልጆቹ ሳቁ። ኮቶኔም ትንሽ ሳቀች። ቀጥሎ ጌንታ ባለፈው ሳምንት ኮዱን የነካካ ሰው እንዳለ ጠየቀ፤ ስሟን የጠራት ሳይኖር ኮቶኔ ቀድማ «እኔ አልነካሁም» አለች። ጌንታም ፈረደ። እስከ ሐሙስ ሌላ ምክንያት ካልተገኘ ሱዙና የጻፈችው ክፍል ከፕሮግራሙ ይወጣል፤ እሷም በበዓሉ ቀን በር ላይ ቆማ ጫማቸውን አውልቀው ለሚገቡ እንግዶች ነጠላ ጫማ ታድላለች።

ሱዙና ኮምፒውተሩን ዘግታ ተነሳች። ዝም አይነቅዝም ትል ነበር እናቷ። ሰባት ወር ሙሉ ዝም ብላ፣ አልነቀዘም እንጂ ከብዷት ነበር።

ማትሱኤ ዝናብ የማይጠፋባት ከተማ ናት። «ምሳህን ብትረሳ ጃንጥላህን አትርሳ» ይላሉ ሰዎቿ። ሱዙና በመጀመሪያው ሳምንት ጃንጥላ ረስታ የትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆማ ስታመነታ፣ ያስጠለለቻት ኮቶኔ ናት። ከዚያ ወዲህ በከተማዋ ጥንታዊ ቤተ መንግሥት ዙሪያ ባለው የውሃ ቦይ ዳር አብረው ይሄዳሉ፣ በአንድ ጃንጥላ። ሱዙና የራሷን መያዝ እንኳን ትታለች። በዚህ ከተማ ከእናቷ ሌላ «ሱዙና» ብሎ የሚጠራት ኮቶኔ ብቻ ናት፤ ለሌላው ሁሉ ኮጋ ናት።

ቤትም ቢሆን ሰው የለም። እናቷ በአረጋውያን መኖሪያ የምሽት ተረኛ ናት። አባቷ ሥራው አልለቅ ብሎት ፉኩኦካ ቀርቷል። በየቀኑ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ይደውላል። በላሽ ወይ፣ በላሁ፤ ደህና ነሽ፣ ደህና ነኝ። ሁለት ደቂቃ አይሞላም። እሱም እፎይ ብሎ ስልኩን ይዘጋል፣ እሷም የአንድ ሰው ሳህኗን ታጥባለች።

ረቡዕ፣ የክፍል ጽዳቱ እንዳለቀ፣ ሱዙና ብቻዋን ወደ ኮምፒውተር ክፍሉ ተመለሰች። መዝገቡን እንደገና ከላይ እስከ ታች አነበበች። መምህር ካጌያማ የፈተና ወረቀት እያረሙ ነበር። ታዛቢው ተነስቷል፣ ስህተት የለውም፣ ግን ምንም አያይም ብላ በምሬት ነገረቻቸው። እሳቸው ቀና ሳይሉ «ሥራውን የሚሠራው ማን ነው?» አሏት፤ ሌላ ነገር አልጨመሩም።

መጀመሪያ አልገባትም። ከዚያ ከእያንዳንዱ መስመር ፊት ያለውን የሠሪውን መለያ ቁጥር አየች። ታዛቢው ያለው በአንድ ቁጥር ብቻ ነው፤ የሰዎቹን ጥያቄ የሚመልሱት ደግሞ ሌሎች ሦስት ቁጥሮች ናቸው። አዎ፣ እንዲያ ነበር የተማሩት። ፕሮግራሙ ሲነሳ መጀመሪያ ወላጅ የሚባል አንድ የፕሮግራሙ ቅጂ ይቆማል፤ ወላጁ ሦስት ልጆች ይወልዳል፤ ከዚያ ወዲያ የሚለፉት ልጆቹ ናቸው። ወላጁ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል እንጂ ሥራ አይነካም። እሷ ታዛቢውን ያስነሳችው ልጆቹ ከመወለዳቸው በፊት ነው። ልጆቹ ከወላጃቸው ሁሉንም ይወርሳሉ፤ «ታዛቢ አለኝ» የሚለውን ማስታወሻ ሳይቀር ይወርሳሉ። ታዛቢው ራሱ ግን አብሯቸው አይሻገርም። ከወላጁ ጋ ይቀራል፤ ወላጁን እያየ ሁሉም ደህና ነው ይላል። በእያንዳንዱ ልጅ ውስጥ እንደገና መነሳት አለበት።

ሱዙና የአባቷ የምሽት ስልክ ትዝ አላት። ለምን እንደሆነ ለራሷም ወዲያው አልገባትም።

አንድ መስመር ጨመረች፦ እያንዳንዱ ልጅ ሲወለድ የራሱን ታዛቢ ያስነሳ። ፕሮግራሙን አጥፍታ አስነሳችው። «ታዛቢው ሥራ ጀምሯል» የሚለው መልእክት አሁን ከወላጁ ሌላ ለልጆቹ ሦስት ጊዜ ወጣ። ገጾቹን በስልኳ ከፈተቻቸው፣ ቁጥሮቹም ገቡ። የእሷ ክፍል፣ የአንድ ሰከንድ አንድ አምስተኛ። ወንበር የያዙት ሰዎች የስም ዝርዝር፣ ሠላሳ ስምንት ሰከንድ። ዝርዝሩ ለእያንዳንዱ ወንበር ስም ፍለጋ እየሄደ ይመለሳል፤ መቶ እንቁላል ለመግዛት መቶ ጊዜ ሱቅ እንደመመላለስ ነው። ዝርዝሩን መጨረሻ የቀየረው ማን እንደሆነ አየች። ባለፈው ሐሙስ፣ ኮቶኔ።

እጇ የመሰረዣው ቁልፍ ላይ ቆየ። የጨመረችውን መስመር ብትሰርዝ ሁሉም ተመልሶ አረንጓዴ ይሆናል። ነጠላ ጫማ ማደል ሞት አይደለም። ጃንጥላው ይተርፋታል። ይህን በማሰቧ አይፈረድባትም፤ ሰባት ወር አንድ ሰው ብቻ የነበረው ሰው ያንን አንዱን እንዲህ በቀላሉ አይሰጥም።

ኮቶኔ እንደ ሁልጊዜው ጫማ መቀየሪያው ጋ ቆማ ትጠብቃታለች። ውጭ ይዘንባል።

«ኮቶኔ፣ የሚጎትተው ዝርዝሩ ነው» አለች ሱዙና፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

ኮቶኔ ጫማዋን ማሰሯን አቆመች። «ጌንታ አይቷል?»

«ከኔ በቀር ማንም አላየም።»

ኮቶኔ ከዚያ ሁሉንም ባንድ ትንፋሽ ነገረቻት። ሐሙስ ዕለት ዝርዝሩን ለማሳመር ብላ ነው የቀየረችው፤ ይህን ያመጣል ብላ በሕልሟም አላሰበችም፤ ሰኞ ሲጎተት ደነገጠች፤ ከበዓሉ በኋላ ጌንታ ሲለቅ ክበቡን የምትይዘው እሷ ናት ተብሏል፤ አሁን ቢታወቅ ሼም ነው። መጨረሻ ላይ የሱዙናን እጅጌ ያዘች።

«መዝገቡን አጥፊው። ባክሽ ሱዙና። ጓደኛዬ አይደለሽ?»

«እሺ» የሚለው ቃል ሱዙና አፍ ላይ ደርሶ ነበር። ስሟ እንዲህ ሲጠራ እምቢ ማለት አታውቅም። ግን ልጆቹ በታዛቢው ሲስቁ፣ ይህችው እጅ ወንበሯን ይዛ እንደነበረ ትዝ አላት።

«አላጠፋውም» አለች። «ለጌንታም አልነግረውም። ነገ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ እመጣለሁ፤ አንቺም ነይ። አብረን እናስተካክለውና ራስሽ ትነግሪያቸዋለሽ።»

«ካልመጣሁስ?»

«ካልመጣሽ ቁጥሮቹን ያዩታል።»

ኮቶኔ እጅጌዋን ለቀቀች። ጃንጥላዋን ከፍታ ወጣች፣ ወደ ኋላም አልዞረችም። ሱዙና ከጃንጥላው ስር የእሷ የነበረው ቦታ ባዶውን ሲሄድ ቆማ አየችው። ከዚያ ቦርሳዋን ጭንቅላቷ ላይ አድርጋ በቦይ ዳሩ ሄደች። ቤት ስትደርስ ካልሲዋ ሳይቀር ይጨመቃል። መንገድ ላይ አለቀሰች፣ ዝናቡም ሸፈነላት።

ልብሷን ቀይራ ለኮቶኔ መልእክት ላከች፦ «ነገ አንድ ሰዓት።» ወዲያው ተነበበ። መልስ አልመጣም።

ልክ በሰዓቱ ስልኩ ጮኸ። አባቷ ነው። በላሽ ወይ አለ፤ በላሁ አለች። ከበስተጀርባው የቴሌቪዥን ድምፅ ይሰማል።

«ደህና ነሽ?»

መልሱ ተዘጋጅቶ ምላሷ ላይ ነበር፤ ሰባት ወር በየምሽቱ የሚወጣው፣ አረንጓዴው። ሱዙና ዋጠችው።

«አይደለሁም፣ አባዬ።»

ፉኩኦካ ላይ ቴሌቪዥኑ ጠፋ። ወንበር ሲሳብ ሰማች።

«ተቀምጫለሁ» አለ አባቷ። «ከመጀመሪያው ንገሪኝ።»

የምትጀምርበት ጠፋት። መጨረሻ ላይ ከሚያዝያ ጀመረች፣ ጃንጥላ ከረሳችበት ቀን። ስልኩን በትከሻዋ ይዛ እያወራች ቁም ሳጥኑን ከፈተች፤ ለነገ ጠዋት የራሷን ጃንጥላ ፈልጋ በሩ ላይ አስደገፈችው።