ማንም የማይታመምበት ክፍል

በአንድ የካቶሊክ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ በአሥረኛ ሐ ክፍል በር ላይ ትልቅ ነጭ ካርቶን ተለጥፎ ነበር። ካርቶኑ ሁለት ዓምድ አለው፤ በአንዱ ላይ «ቀሪ»፣ በሌላው ላይ «ክሊኒክ የሄደ» ይላል። የክፍሉ ኃላፊ መምህር ከትምህርት በኋላ ቀይ እስክሪብቶውን ያወጣና ከሁለቱም ሥር ዜሮ ይጽፋል። ሃምሳ ሰባት ቀን ሙሉ ከዜሮ ሌላ አልጻፈም። ተማሪዎቹም «ቲቸር ዜሮ» የሚል ስም አውጥተውለት ነበር። ሰምቶ እንዳልሰማ ያልፋል፤ በልቡ ግን ይኩራራበታል። በዜሮ የሚኩራራ የሒሳብ መምህር እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ስድሳ ቀን ያለ ቀሪ የሞላ ክፍል በወሰነ ትምህርቱ መዝጊያ ቅዳሴ ላይ ከጳጳሱ እጅ ዋንጫ ይቀበላል። ይህ የትምህርት ቤቱ ደንብ ነው። «ክሊኒክ የሄደ» የምትለዋን ዓምድ ግን ከራሱ የጨመራት መምህሩ ነው። እውነቱን እንናገር ከተባለ ክፉ ሰው አልነበረም። ተማሪዎቹን ይወዳል፣ ያልገባውን ልጅ በምሳ ሰዓት ሳይቀር አስቀምጦ ያስረዳል። ብቻ አንድ ነገር አምኖ ቁጭ ብሏል፤ ሕመም የሰነፍ ሰበብ ነው ብሎ።

«እኔ የማትሪክ ፈተናዬን የወሰድኩት በአርባ ዲግሪ ትኩሳት ነው» ይላቸዋል፣ ሰምተው ሰምተው በሸመደዱት ቃል። «አንደኛ ወጣሁ። ሰውነት እንዳስለመዱት ነው!»

የትምህርት ቤቱን ክሊኒክ የያዙት አረጋዊት፣ መነኩሲትም ነርስም ስለሆኑ «ሲስተር» የሚለው ማዕረግ እጥፍ ይገባቸዋል። አንድ ቀን በኮሪደሩ አስቆሙት።

«ስማ ልጄ፣ ክፍልህ ውስጥ ስንት ተማሪ አለ?»

«አርባ ሁለት፣ ሲስተር።»

«አርባ ሁለት ልጅ፣ በሁለት ወር ውስጥ፣ አንዱን እንኳ ራሱን አያመውም? አንዷን እንኳ ሆዷን አይቆርጣትም? ከሌላው ክፍል በቀን ሦስት አራት ይመጡብኛል። ያንተዎቹ ዝም ማለታቸው ያስፈራኛል።»

«ሥራ ፈት እንዳላደርግዎት ፈርተው ነው እንጂ!» አለና ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም።

«ሕፃን ልጅ ሲያለቅስ እናቱ ትደነግጣለች፤ ማልቀስ ሲተው ግን ይበልጥ ትደነግጣለች» ብለውት ሄዱ። እሱ ግን ምክራቸውን ጆሮ ዳባ ልበስ አለው።

ሃምሳ ስምንተኛው ቀን ረቡዕ ነበር። በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ መምህሩ ሰሌዳው ላይ ቀመር እየጻፈ ሳለ ከኋላው ሹክሹክታ ሰማ። ዞር ሲል በሦስተኛው ረድፍ የምትቀመጠው ልጅ ቆማለች። ድምጿ ስለሚያስተጋባ ጓደኞቿ «ደወሏ» ይሏታል፤ በጸሎት ቤቱ መዝሙር የምትመራውም እሷ ናት። ፊቷ አመድ መስሏል። በአንድ እጇ ዴስኩን፣ በሌላው ሆዷን ይዛለች።

«ቲቸር፣ ይቅርታ… ሆዴን በጣም…»

ክፍሉ በአንድ ትንፋሽ «ኧረ!» አለ። ከኋላ አንዱ «ሁለት ቀን ለቀረው!» ብሎ አጉረመረመ። መምህሩ የሴቶች ነገር ይሆናል ብሎ ገመተና ለመጠየቅ አፈረ። ዓይኑ ሳያስበው ካርቶኑ ወደተለጠፈበት በር ሄደ፤ የሄደበትን ደግሞ ሁሉም አየው።

«ትችያለሽ ወይስ አትችይም?» አላት። «ከቻልሽ ተቀመጪ።»

እንዲህ ተብላ፣ በአርባ አንድ ሰው ፊት፣ አልችልም የምትል የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ የት ትገኛለች? ተቀመጠች። አጠገቧ ያለችው የክፍሉ አለቃ፣ የልብ ጓደኛዋ፣ የኮምፓስ ሣጥኗን ከፈት አድርጋ አንድ ነገር በዴስኩ ሥር አቀበለቻት። መምህሩ ማስመሪያ መሰለውና ፊቱን ወደ ሰሌዳው መለሰ።

ከእረፍት በኋላ ሲገባ ደወሏ ቀና ብላ ተቀምጣለች። ሕመሙ ድንገት ለቀቃት መሰለኝ፣ ፈገግም አለች። «አላልኳችሁም?» አለ መምህሩ ደረቱን ነፍቶ። ምስኪን! የሕመሙ መጥፋት ከሕመሙ ይልቅ የሚያስፈራ እንደሆነ አላወቀም።

ከምሳ በኋላ የጸሎት ተራ የአሥረኛ ክፍሎች ነበር። ደወሏ ከፊት ቆማ መዝሙሩን ጀመረች። የመጀመሪያውን ቤት ጨረሰች፣ ሁለተኛውን አጋመሰች፣ ከዚያ ድምጿ ተቆረጠ። ልጆቹ ቃሉ የጠፋት መስሏቸው ቀጠሉላት። እሷ ግን በጉልበቷ ተንበረከከች፣ ከዚያም በጎኗ ተዘረጋች። ከኋላ ወንበር የነበሩት ሲስተር እድሜያቸውን ረስተው ሮጡ። ግንባሯን ዳሰሱ፣ ሆዷን ነካ አደረጉ። ሆዷ ሳንቃ ሆኗል።

«መኪና!» ብለው ጮሁ። «አሁኑኑ መኪና!»

በትምህርት ቤቱ መኪና ውስጥ ሲስተር የልጅቷን ራስ ታቅፈዋል፣ አለቃዋ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ ለጥፋለች፣ መምህሩ ከሹፌሩ ጎን ሆኖ ቀይ መብራት ባየ ቁጥር እጁን ይነክሳል። አምላኬ፣ ብቻ አትሙትብኝ ይላል በልቡ። እውነቱ ግን ከዚህ ጋር አንድ ሌላ ሐሳብ ነበረው፤ ጠዋት ተቀመጪ ማለቴን ማን ይናገርብኛል የሚል። በኋላ ራሱን ይቅር ለማለት የተቸገረው በዚህች ሐሳብ ነው።

የድንገተኛ ክፍል ሐኪሟ ልጅቷን አይታ ስትጨርስ ፊቷ ተለወጠ።

«ትርፍ አንጀቷ ፈንድቷል፤ ሲፈነዳ ሕመሙ ለጊዜው ይለቃል። አሁን መከፈት አለባት። መቼ ነው ያመማት?»

«ዛሬ» አለች አለቃዋ ፈጥና።

«ዛሬ? ይኼ የዛሬ ሕመም አይደለም። ምን መድኃኒት ወስዳለች?»

«ምንም።»

«እህቴ፣ ስሚኝ። ማስታገሻ ወስዳ ባይሆን ኖሮ ይህን ያህል ልትቆም አትችልም ነበር። የትኛውን እንደወሰደች ካላወቅሁ ማደንዘዣውንም ቀዶ ሕክምናውንም በጭፍን ነው የምጀምረው። የቀረን ጊዜ የደቂቃ ነው። ምን ወሰደች?»

 ሐኪሟ ትጠይቃለች፤ አለቃዋ ግን የምታየው ሐኪሟን አይደለም፣ መምህሩን ነው። ዓይኗን ሲያየው ገባው። ጓደኛዋ እዚያ ሞትና ሕይወት መካከል ተኝታ፣ ይህች ልጅ የምትፈራው እሱን ነው። 

በዚያው ቅጽበት በሩ ተበርግዶ የደወሏ እናት ከነሥራ ልብሷ ገባች። የልብስ ስፌት ፋብሪካ ሠራተኛ ናት፤ ክር ትከሻዋ ላይ ተጣብቋል። «ልጄን! ልጄ የታለች?»

መምህሩ ዝም የማለት ዕድል ነበረው። እናቲቱ አታውቅም፣ ሲስተርም አላዩም። ግን አለቃዋ ፊት ቁጢጥ አለና ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብሎ ተናገረ።

«የበደልኩት እኔ ነኝ። ዛሬ ጠዋት አመመኝ ብላ ተነሥታ ነበር። እኔ ነኝ ያስቀመጥኳት። ካርቶኑ እንዳይበላሽብኝ ብዬ።» አለቃዋን ቀና ብሎ አያት። «አንቺ ምንም አላጠፋሽም፣ ልጄ። ለእኔ አይደለም፣ ለጓደኛሽ ስትይ ንገሪያት።»

እናቲቱ አፏን በእጇ ያዘች። አለቃዋ ከቦርሳዋ የኮምፓስ ሣጥኗን አወጣችና ከፈተችው። ውስጡ ኮምፓስም ማስመሪያም የለም፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ክኒን ነው። ነጭ፣ ቢጫ፣ ሮዝ፣ ግማሹ ከነማሸጊያው፣ ግማሹ ራቁቱን።

«የክፍሉ ነው» አለች እያለቀሰች። «ማንም ክሊኒክ እንዳይሄድ ሁላችንም ከቤት እናመጣለን። ያመመው ከዚህ ይወስዳል። እሷን ከእሁድ ጀምሮ ነው ያመማት። ነጩን ማስታገሻ በቀን ስድስት፣ ሰባት… ሮዙንም። ሮዙ የአንድ ልጅ አያት የልብ መድኃኒት ነው፤ አስፕሪን። ከእሱ ዛሬ ብቻ አምስት ሰጠኋት። ቲቸር፣ የሰጠኋት እኔ ነኝ!»

ሐኪሟ ወደ ነርሶቹ ዞረች። «አስፕሪን ወስዳለች፣ ትደማለች! ደም አዘጋጁ፣ ቶሎ!» ከዚያ አለቃዋን በትከሻዋ ያዝ አደረገቻት። «ባትነግሪኝ ኖሮ እጄ ላይ ትደማብኝ ነበር። ጎሽ።»

ሦስት ሰዓት ሙሉ በኮሪደሩ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ሲስተር መቁጠሪያቸውን ያንቀሳቅሳሉ። እናቲቱ ከመምህሩ ራቅ ብላ ተቀምጣለች። አንድ ጊዜ ብቻ ቀና ብላ አየችው።

«እኔ ቤት ስትሆን እንኳ አላመመኝም ትለኛለች» አለችው። «ለካ ከእናንተ ነው የተማረችው።»

ብትሰድበው ይሻለው ነበር። 

ፀሐይ ሳትጠልቅ ሐኪሟ ወጣች። ላቧን እየጠረገች «ተርፋለች» አለች። «ግን ገና ብዙ ትታገላለች።» በእርግጥም ደወሏ ሦስት ሳምንት ሆስፒታል ተኛች፣ ሁለተኛ ጊዜም ተከፈተች፣ የዓመቱም ትምህርት አመለጣት። በአራተኛው ቀን መምህሩ ሊጠይቃት ሲገባ ከአልጋዋ ቀና ለማለት ሞከረች። ያ የሚያስተጋባ ድምጽ ሹክሹክታ ሆኗል።

«ቲቸር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለችው። «ክፍሉን አበላሸሁት። ሁለት ቀን ነበር የቀረው።»

ምድር ተከፍታ ብትውጠው ደስ ባለው። ይቅርታ ጠያቂው ማን፣ ይቅርታ ተጠያቂው ማን! እጇን ይዞ እንደ ልጅ አለቀሰ።

ዳይሬክተሩ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጡት፤ አልተከራከረም። ካርቶኑን በገዛ እጁ ገነጠለው። ሰኞ ጠዋት ክፍል ገብቶ ጠመኔም ሳያነሣ «ዛሬ ያመመው ማን ነው?» ሲል ጠየቀ። አርባ አንዱም ደብተራቸው ላይ አቀረቀሩ። ወጥመድ መስሏቸዋል፤ ማን ይፈርድባቸዋል? ፍርሃትን በስድሳ ቀን አስተምሮ በአንድ ጥያቄ ማስረሳት አይቻልም።

መምህሩ ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ። «እንግዲያው እኔ ልጀምር። ከረቡዕ ወዲህ እህል አይወርድልኝም፣ ጨጓራዬ ይነድዳል። ስለ ማትሪኩም ልንገራችሁ። በዚያ ትኩሳት አንደኛ መውጣቴን እንጂ፣ ከዚያ በኋላ ሁለት ወር መተኛቴን ነግሬያችሁ አላውቅም።»

ከኋላ አንድ እጅ ወጣ፤ ጥርሱን ካመመው ወር ሆኖታል። ከመስኮቱ ዳር ሌላ ወጣ፤ ደረቷ ያፍናታል። ከዚያ ሌላ፣ ከዚያም ሌላ። መምህሩ ቆጠረ፤ አሥራ አራት። ማንም የማይታመምበት ክፍል ውስጥ አሥራ አራት ሕመምተኛ!

እናንት ወላጆች፣ እናንት መምህራን፣ ልጆቻችን አላመመንም ሲሉን እውነት ስላላመማቸው ይሁን ወይስ እኛን ፈርተው፣ እባካችሁ ጎንበስ ብለን እንጠይቅ። ጤነኛ ልጅ ማለት «አመመኝ» ለማለት የማይፈራ ልጅ ነው።

በመጨረሻ አለቃዋ እጇን አነሣች። «ቲቸር፣ እኔ የት እንደሚያመኝ አላውቅም» አለች። «ግን ዓይኔን በጨፈንኩ ቁጥር ክኒኑን ስሰጣት ይታየኛል። እንቅልፍ አልወስድ ብሎኛል።»

መምህሩ ተነሣ። «ይኼም ሕመም ነው» አላት። «እኔንም እሱ ነው የሚያመኝ።» አሥራ አምስቱንም አስከትሎ ወደ ክሊኒኩ ሄደ። ሲስተር ከበራቸው ሆነው ሰልፉን ሲያዩ ደነገጡ፤ ከዚያ ነገሩ ገባቸውና ሁለቱንም በር ወለል አድርገው ከፈቱ። ሁሉም ሲገቡ አለቃዋ ደፉ ላይ ቆማ ቀረች።

«ግቢ እንጂ» አላት መምህሩ። «አብረን ነው የምንገባው።»