ምንነቱ ያልታወቀው ዕቃ

የከተማውን ታሪክ በሚያሳየው ትንሽ ሙዚየም ውስጥ የዐውደ ርዕይ አዘጋጇን ሁሉም «መርማሪት» ይሏታል። ስሙን ያወጡላት አክስቷ ናቸው፤ ገና ድክ ድክ ስትል ጀምሮ «ይሄ ምንድን ነው?» እያለች መውጫ መግቢያ ታሳጣቸው ነበር።

የዓመቱን ዕቅድ ስታወጣም ይኸው ጠባይዋ አልለቀቃትም። የድሮ የትምህርት ቤት ፎቶዎች፣ የቤት ቁልፎች፣ አዛውንቶች የሚያወጉበት ቅዳሜ፣ ሁሉም አለበት። የዕቅዱ መክፈቻ ግን ዕቃ ቤት ውስጥ ያገኘችው፣ ማንም የማያውቀው ነገር ነው። ጎበጥ ያለ እንጨት፣ ጫፉ ላይ የብረት ምላስ፣ ጎኑ ላይ ትንሽ ጎድጓዳ። ቁጥር ሰጠችው፣ መስታወት ውስጥ አስገባችውና «ይህ ምንድን ነው? ኑና ንገሩን» ብላ ሰፈሩን ሁሉ ጠራች።

አለቃዋ አላመኑበትም። «እንጨት ለማየት ማን ይመጣል? መክፈቻው ካልሰመረ ዕቅዱን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ» አሏት፣ የዕቃ ቤቱን መደርደሪያ የሚሠራው አናጢ እየሰማ።

ሰዉ ግን ጎረፈ። አንዱ የፈረስ ዕቃ ነው አለ፣ ሌላዋ የሽመና። ሁለት ሽማግሌዎችማ ሊኮራረፉ ምንም አልቀራቸውም።

አናጢውም መደርደሪያውን ጨርሶ እንኳ በየሳምንቱ ይመጣል። መስታወቱን ያያል፣ ከዚያ እሷን፣ ከዚያ ጫማውን።

«ዛሬስ ምን መሰለህ?»

«የዓሣ ቅርፊት መፋቂያ።»

«ባለፈው የበር መወርወሪያ ነው ብለህ ነበር።»

«ሰው ሐሳቡን አይቀይርም እንዴ?»

ትስቃለች። ምን ይደበቃል፣ ወዳዋለች። እሱ የሚመጣበት ቀን ሲደርስ ዓይኗ ከበሩ አይነሳም።

ዕቅዱ ውስጥ ጎብኚው ዕቃውን እየነካ የሚገምትበት ቀን ነበረ። ሰዉ ተሰልፎ በየተራ ጨበጠው። የሁሉም አውራ ጣት ግን ከጎድጓዳው ይሸሻል። አናጢው ጥግ ይዞ ቆሟል።

«አንተስ?» ብላ ዕቃውን አቀበለችው።

በግራ እጁ ተቀበላት። አውራ ጣቱ እንደ ለመደ ሰው ሄዶ ጎድጓዳው ውስጥ ገባ።

«ያንተ ነው» አለችው።

«የአባቴ ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «የወንበር እግር ማለስለሻ ነው። ግራኝ ስለነበር ለራሱ እጅ አበጀው፤ እኔም በእሱ ወጣሁና ወረስኩት። መደርደሪያውን ስለካ ዕቃ ቤታችሁ ረሳሁት።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። «እስከ ዛሬ ስታሾፍብኝ ነበር ማለት ነው።»

«አለቃሽ ያሉሽን ሰምቻለሁ። ብናገር ዕቅድሽን ይነጥቁሻል ብዬ ፈራሁ።» ጫማውን አየ። «ደግሞስ ከተናገርኩ በኋላ በምን ሰበብ እመጣለሁ?»

ተናዳም መርማሪት መርማሪት ናት። «እና በምን ስትሠራ ከረምክ?»

መዳፉን ዘረጋላት። ውሃ ቋጥሮ፣ ፈርጦ፣ እንደገና ቋጥሯል። «በመሮ» አላት። አንጀቷን በላው።

ዞር ስትል አለቃዋ በሩ ላይ ቆመዋል። ነገሩን በሆዷ ይዛ ዕቃውን ወደ መስታወቱ ብትመልሰው ማንም አያውቅም። የእሱ እጅ ግን ታያት።

«ወገኖቼ፣ ተሳስቻለሁ» አለች። «ይህ የጥንት ቅርስ አይደለም። አናጢያችን የረሳው መሣሪያ ነው።»

የፈረስ ዕቃ ነው ብለው ሲሟገቱ የከረሙት ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠራረጉና «እስቲ እንግዲህ ሥራበትና እንየው» አሉት።

አሮጌ ወንበር መጣለት። ስስ ልጣጭ እየተጠቀለለ ወለሉ ላይ ሲረግፍ ሰዉ አንገቱን አስግጎ ያያል፤ «ማን ሠራው? እንዴት ይሳላል?» ይላል። አንዲት እናት፣ እሳቸውም የባላቸውን የሥራ ዕቃ ቢያመጡ ይፈቀድ እንደሆነ ጠየቁ። አለቃዋ የለሰለሰውን የወንበር እግር በእጃቸው ዳሰሱና «የሚቀጥለው ወር ላይ ጨምሪው» ብለዋት ሄዱ።

ሰዉ ሲበተን አናጢው መሣሪያውን ይዞ ሊወጣ ሲል መርማሪት ሹራቧን ደርባ ተከተለችው።

«ወዴት ነው?» አላት።

«የያዝከው ዕቃ ቁጥር አለው። ደንባችን ቁጥር ያለው ዕቃ ያለ አጃቢ ከበር አይወጣም ይላል።»

«የገዛ ዕቃዬን?»

«የገዛ ዕቃህንም።»

«እስከ የት ነው የምታጅቢው?»

«እስከሚያርፍበት።»

ጫማውን ሊያይ አቀርቅሮ ነበር፤ ተወውና እሷን አያት። ጎን ለጎን ወጡ።

መሣሪያው ዛሬ አናጢው ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ ቁጥሩም አልተፋቀም። እሷም ጠዋት ሙዚየሟ ትሄዳለች፤ ማታ ተመልሳ ማጀቧን ትቀጥላለች።