ልዕልት ጉኒላ በበረዶው ባሕር ላይ

የቫልደንሆልምን ልዑላዊ ቤት ያቆሙት ቀዳማዊ ልዑል ኦቶ እና ባለቤታቸው ልዕልት ሄድቪግ ነበሩ። ከባዕድ አገር የመጣች ሙሽራ ወራሽ ትወልዳለች እንጂ ወራሹን አታሳድግም ብለው የደነገጉትም እነርሱ ናቸው። ከስዊድን የተዳረችውን የልዕልት ጉኒላን አንጀት ሲያሳርር የኖረው ይኸው ድንጋጌ ነበር!

ከሠርጉ አስቀድሞ የተላከው ሥዕል ፊቷን እንደ ወተት አጥርቶ ያሳይ ነበር። ሙሽራዪቱ ከመርከብ ወርዳ ዓይነ ርግቧን ስትገልጥ ግን፣ በልጅነቷ ፈንጣጣ ያበሳሳው ጉንጯ ታየ። ወይዛዝርቱ «ወንፊቷ መጣችላችሁ!» እያሉ ተሳሳቁ። ባሏ ግን ወደዳት። ምን ያደርጋል! ልጃቸውን ኮንራድን ታቅፎ ሳይጠግብ ከፈረስ ወድቆ ሞተ፤ ሕፃኑንም አያቱ ልዕልት አማሊያ ወሰዱት። እናት ልጇን በበዓል ቀን፣ ያውም ከሩቅ፣ እጅ ነሥታ ብቻ የምታይ ሆነች። ከዚህ የከፋ ሐዘን ይኖራልን? ኖረ እንጂ! ኮንራድ አሥራ አምስት ዓመት በሞላው ቀን፣ በግብሩ ላይ አጠገቡ ልትቀመጥ ስትቀርብ፣ «ከእርሷ ጋር አልታይም፤ ይስቁብኛል» አለ። ሰማችው...

ባሕሩ በረዶ በሆነበት ወራት ፈንጣጣ ገባ። ኮንራድ ከባሕሩ ማዶ ባለችው ደሴት፣ በግንቡ ሳለ ታመመ፤ አገልጋዮቹም ጥለውት ሸሹ። ልዕልት አማሊያ ከባሕሩ ዳር ቆመው «ማን ይሻገርልኛል?» ቢሉ፣ ሐኪሙም መኳንንቱም ወደ ኋላ አፈገፈጉ።

«እኔ» አለች ጉኒላ። «እኔን ፈንጣጣ አይደግመኝም።»

«ሥርዓቱን ረሳሽው?»

«እንግዲያው ሥርዓቱ ይሻገርና ውኃ ያጠጣው፣ እመቤቴ!»

ሮጠች! በረዶው ከእግሯ ሥር ይጮኻል፤ እርሷ ትሮጣለች! መካከሉ ላይ ተሰንጥቆ እስከ ወገቧ ዋጣት፤ የያዘችውን ምርኩዝ በስንጥቁ ላይ አጋድማ፣ በእርሱ ተንጠላጥላ ወጣች፤ እንደገና ሮጠች! ልጇን በትኩሳት ሲቃዥ አገኘችው። ከንፈሩን አራሰችለት፤ ቁስሉን እንዳያክ እጆቹን በእጆቿ ይዛ ሰነበተች።

«ማነሽ?» አላት ዓይኑ ሳይገለጥ።

«ዝም ብለህ ጠጣ፣ ልጄ።»

በረዶው ቀልጦ ልዕልት አማሊያ በጀልባ ሲደርሱ፣ ኮንራድ ድኖ ተቀምጦ ነበር። እልል ያላለ የለም! ዕድል ምንኛ ትገርማለች! ዘመን ሙሉ ያሳፈራትን ያንኑ ጠባሳ ለልጇ ነፍስ ጋሻ አደረገችው።

አሮጊቲቱ ግን እንባቸውን ጠርገው፣ «በቃ፤ ልዕልቲቱ ወደ ክፍሏ ትመለስ» አሉ።

ጉኒላ እጅ ነሥታ ልትወጣ ስትል፣ ኮንራድ እየተንገዳገደ ተነሥቶ እጅጌዋን ጨበጠ።

«እርሷ ከወጣች እኔም እወጣለሁ፣ አያቴ።» ከእናቱም እግር ሥር ወደቀ። «በግብሩ ቀን ያልኩት... ተሳስቻለሁ፣ እማዬ። ማንም አላሳተኝም፤ እኔው ነኝ የተሳሳትኩት።»