አልላቀቅ ያለው ናሙና

ኢንጂነር አስናቀ ከምሳ መልስ የሙከራ ክፍሉን በር ከውስጥ ቆለፈ። ሥራው ለዓመታት ያው ነው፤ በማጣበቂያ የተጋጠሙ ሁለት የአሉሚኒየም ዘንጎች ማሽኑ ላይ ይታሰራሉ፣ ማሽኑ አንዱን ወደ ላይ ሌላውን ወደ ታች ቀስ እያለ ይስባል፣ እሱም ስንጥቁ በማጣበቂያው ውስጥ ሲሄድ በአጉሊ መነጽር እየተከተለ መጋጠሚያው ምን ያህል ጉልበት እንደሚችል ይመዘግባል።

የዛሬዎቹ ናሙናዎች ግን የውሸት ነበሩ። ከሦስት ሳምንት በፊት ለጣፊዋ እልፍነሽ በማጣበቂያ የገጠመችው የአውቶቡስ ጣሪያ ተላቅቆ ወድቆባት ሞታለች። የማጣበቂያው ጊዜ ማለፉን እያወቀ «ይሠራል» ብሎ የፈረመው እሱ ነው። ነገ አጣሪዎች ይመጣሉ። ማጣበቂያው ከብረቱ ላይ ሙልጭ ብሎ ከተላጠ ብረቱን ሳያጸዳ የለጠፈው ሰው ጥፋተኛ ነው፤ ስለዚህ ዘንጎቹን ዘይት ቀብቶ፣ የእልፍነሽ እናት ከሆነችው ከዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊዋ ከእትዬ ጥሩወርቅ አዲስ ማጣበቂያ ተቀብሎ፣ ራሱ ለጠፋቸውና እሷ የለጠፈቻቸው እንዲመስሉ የሟቿን ስም ጻፈባቸው። እናትየው ለምን እንደፈለገው እንኳ አልጠየቀችውም።

የመጀመሪያው ናሙና አልተላቀቀም። ማሽኑ በቀጭኑ እያቃሰተ ሳበ፣ ቁጥሩ አሻቀበ፣ ስንጥቅ የሚባል ነገር ግን አልታየም። ሁለተኛውም እንደዚያው። የዘይቱ ሽታ ጠፍቶ እልፍነሽ ብረት የምትወለውልበት የአሴቶን ሽታ አፍንጫውን ሰነፈጠው።

ሦስተኛውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግቶ አየው። ከመጋጠሚያው ተርፎ በወጣው ማጣበቂያ ላይ ትንሽ የአውራ ጣት አሻራ አለ። እሱ የለጠፈው ጓንት አድርጎ ነበር። አሻራው ዓይኑ እያየ ጠለቅ አለ፣ አንድ ሰው አሁንም እየተጫነው እንዳለ ሁሉ።

«ሞተሽም አትተይኝም?» ብሎ ጮኸ። ንዴቱ ከፍርሃቱ ባሰ። ናሙናውን ማሽኑ ላይ አሰረው፣ ጓንቱን አውልቆ ጣለ፣ ላይኛውን ዘንግ በቀኝ ታችኛውን በግራ እጁ ጨብጦ በጉልበቱ ሊገነጥለው ታገለ። አልሆነለትም። እጆቹን ሊያነሳ ሲል መዳፎቹ አልለቅ አሉት።

በሩ ላይ ከውጭ ትርፍ ቁልፍ ዞረ። እትዬ ጥሩወርቅ ጥቁሯን እንደለበሰች ገባችና እጇን የማሽኑ ማስነሻ ላይ አሳርፋ ቆመች።

«እትዬ፣ በእግዚአብሔር ይድረሱልኝ! እጄ...»

እሷ ግን እሱን አላየችውም። በትከሻው አሻግራ፣ ወደ ጀርባው፣ በፍቅር ተመለከተች።

«እልፍዬ፣ ያዘልሽ?»

«ይዟል፣ እማ» አለ ከጆሮው ሥር የመጣው ድምፅ፣ «አሁን ሳቢው።»